ለደቦ የምንሰጠውን ለቀን ሠራተኛ ለምን ነፈግነው?

ከሮቢት፣ ከጎብዬ፣ ከዞብል ሥር ካሉት ቀበሌዎች በዚህ ሐሩር መጥታችኋል። አዳራሹ ይሞቃል። ውሃ ከበሩ ጎን ተቀምጧል፤ ተነሥታችሁ ብትጠጡ ንግግሬን እንዳቋረጣችሁ አልቆጥረውም።

ዛሬ ሚያዝያ 20 ነው። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ቀን በዓለም ዙሪያ የሥራ ላይ ደኅንነትና ጤንነት ቀን ተብሎ ይታሰባል። በየስብሰባው ቀኑ ሲነሣ የሚወራው ስለ ፋብሪካ ነው፤ ስለ ራስ ቁር፣ ስለ ጓንት፣ ስለ ማሽን። የኛ የሥራ ቦታ ግን ጣራ የለውም። ከቆቦ ወጥቶ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው እስከ ዞብል ተራራ ድረስ የሚያየው ሜዳ፣ ማሽላው፣ ጤፉ፣ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ የሚበቅልበት መሬት፣ እሱ ነው የብዙዎቻችን መሥሪያ ቤት። እዚያ የሚውለው ሰው ጤንነት የማን ኃላፊነት ነው? የመጣሁት ይህን ከናንተ ጋር ለመነጋገር ነው።

ከመጽሐፍ አልጀምርም። ከእናቴ ቤት ልጀምር።

ማሽላ ሲደርስ ቤታችን ደቦ ይጠራ ነበር። ቀኑ ሳይደርስ ጠላው ይጠነሰሳል፤ ጠላ ለማይጠጡት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በሶ ለብቻው ይዘጋጃል፤ እንጀራው ሌሊቱን ሲጋገር ያድራል። ሰዉ ጎህ ሲቀድ ማጭዱን ይዞ ይገባል። አውራጁ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል። ልጅ ሆኜ ዘፈኑ ለጨዋታ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የሥራውን ፍጥነት የሚያስተካክለው እሱ መሆኑ የገባኝ ኋላ ነው። አንድ ሽማግሌ ወደ ኋላ ሲቀር አውራጁ ያያል፤ ዜማውን ያበርዳል፤ ማጭዱም አብሮ ይበርዳል። ማንም «አንተ ደከምክ» ተብሎ አይዋረድም። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ሁሉም ግራሩ ሥር ይሰበሰባል። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጋደም ይላል። እናቴ ዐይኗ ከሰው ፊት አይነሣም፤ ማን አልበላም፣ የማን ከንፈር ደረቀ፣ ማን ራሱን ያዘ። ስለ ሠራተኛ ጤንነት ያስተማራት ሰው አልነበረም። በደቦዋ ላይ ሰው ቢወድቅ ግን ነውሩ የእሷ ነው። ያ ነውር ከማንኛውም ተቆጣጣሪ አብልጦ ይጠብቀን ነበር።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። በቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ጉድጓድ ተቆፍሮ መስኖ ሲስፋፋ፣ ዝናብ ብቻ ይጠብቅ የነበረው መሬት በበጋም ማምረት ጀመረ። ሽንኩርት መጣ፣ ቲማቲም መጣ፣ ማንጎ መጣ። ገንዘብም መጣ። ከጊዳንና ከላስታ ደጋ ወጣቱ ለቀን ሥራ ይወርድ ጀመር። በዚህ ለውጥ አላዝንም፤ በሽንኩርት ገንዘብ ስንት ልጅ ተምሯል፣ ስንት ቤት ቆርቆሮ ለብሷል። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ሥራው ከደቦ ወደ ቅጥር ሲሻገር ግራሩና በሶው ወዲያ ማዶ ቀሩ። ለደቦ የመጣ ሰው እንግዳ ነው። ያው ሰው፣ በዚያው መሬት፣ በዚያችው ፀሐይ ለቀን ሥራ ሲመጣ ግን የዕለቱን ብር ከመቀበል በቀር ምንም የማይገባው ሆነ። ማነው እንዲህ ብሎ የፈረደበት? ማንም። ዝም ብሎ ነው የቀረው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመጋቢት ወር፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ፣ በጤና ባለሙያነቴ ወደ አንድ የሽንኩርት ማሳ ተጠራሁ። አንድ ወጣት ቦይ ዳር ተኝቷል። የሃያ ዓመት ልጅ ቢሆን ነው። ፊቱ ላይ ላቡ ደርቆ ጨው ሠርቷል። ስሙን ስጠይቀው የእናቱን ስም ነገረኝ። ከጊዳን ከወረደ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ከሃያ በላይ ሰዎች ሽንኩርት ሲነቅሉ ውለዋል፤ ጠዋት የመጣው አንድ ጀሪካን ውሃ 5 ሰዓት ሳይሞላ አልቋል። ከዚያ ወዲያ የሚጠጡት ከቦዩ ነው። ጥላ የሚባል ነገር የለም፤ ግራሩ ለትራክተር ማዞሪያ ተቆርጧል። ልጁን ተሸክመን ከአንድ አይሱዙ ጥላ ሥር አስገባነው፤ ሸሚዙን አወለቅን፤ የፓምፑን ውሃ ከራሱ እስከ እግሩ አፈሰስንበት፤ ሴቶቹ በነጠላቸው አራገቡለት። ተረፈ። የማሳው ባለቤት ክፉ ሰው አልነበረም። እጁ እየተንቀጠቀጠ «ውሃ ማምጣት የኔ ሥራ መሆኑን ማንም ነግሮኝ አያውቅም» አለኝ። አመንኩት። ዛሬ የምናገረው ያን ቀን ለእሱ መንገር የነበረብኝን ነው።

ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዘው በላብ ነው። ላቡ ከቆዳ ላይ ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። የላቡ ውሃ የሚቀዳው ከደም ነው። ካልተተካ ደም ይወፍራል፣ ልብ ይቸኩላል፣ ኩላሊት ይደርቃል። በመጨረሻ ማቀዝቀዣው ይቆምና ሙቀቱ አንጎል ላይ ይወጣል። በሙቀት ሲሠራ የዋለ ሰው መቀባጠር ከጀመረ፣ ያለበትን ካላወቀ፣ «ደክሞታል፣ ይረፍ» ብላችሁ አትለፉት። ያ ሰው በሞትና በሕይወት መካከል ነው። ጥላ፣ ውሃ ማፍሰስ፣ ማራገብ፣ ከዚያ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ውሃ አታፍስሱ፤ ወደ ሳንባው ይገባል።

የጊዳኑ ልጅ በሁለተኛ ቀኑ መውደቁ ድንገት አይደለም። ሰውነት ቆላን የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው፤ ላቡ መብዛትና ጨው መቆጠብ የሚማረው በሳምንትና በሁለት ሳምንት ነው። አሜሪካ ውስጥ በሥራ ላይ በሙቀት ከሚሞቱት ግማሽ ያህሉ የሚሞቱት በመጀመሪያው የሥራ ቀናቸው ነው፤ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት። ስለዚህ የዚያ አገር ባለሙያዎች አዲስ ሰው በመጀመሪያው ቀን በሙቀት የሚሠራው ከሙሉው ሥራ አንድ አምስተኛውን ብቻ ይሁን፣ በየቀኑም ከዚያ በማይበልጥ ይጨመርለት ይላሉ። እኛ ግን ከደጋ የወረደውን ልጅ ጉልበቱ ትኩስ ነው ብለን በመጀመሪያው ቀን ረጅሙን መደብ እንሰጠዋለን። እሱም እንዳይናቅ ብሎ ከቆላው ልጅ እኩል ልሂድ ይላል።

ነገሩ የኛ ብቻ አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ 2.4 ቢሊዮን ሠራተኞች ለከባድ ሙቀት የተጋለጡ ናቸው፤ ከ10 ሠራተኞች 7ቱ ማለት ነው። በመካከለኛው አሜሪካ፣ በኤል ሳልቫዶርና በኒካራጓ፣ ሸንኮራ አገዳ የሚቆርጡ ወጣቶች ስኳርም ደም ግፊትም ሳይኖርባቸው ኩላሊታቸው እየደከመ ብዙዎቹ ሞተዋል። በኤል ሳልቫዶር እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 የአገዳ ወቅት አንድ ሙከራ ተደረገ። ለቆራጮቹ በጀርባ የሚታዘል የመጠጥ ውሃ፣ ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስ ድንኳንና በሰዓት የተወሰነ ዕረፍት ተሰጣቸው፤ ለእጅ የተሻለ ገጀራም ተጨመረ። ባለሀብቱ የሚፈራው ሥራው ይጓተታል ብሎ ነው አይደል? አንድ ሰው በቀን የሚቆርጠው በአማካይ ከ5.1 ቶን ተነሥቶ እስከ 7.3 ቶን ደረሰ። ውሃ፣ ዕረፍት፣ ጥላ። ይህን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ።

ለቆቦ የሽንኩርት ማሳ እነዚህን ሦስቱን መልሱልኝ። በየሩብ ሰዓቱ፣ ቢዘገይ በየሃያ ደቂቃው፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ለአንድ ሰው ይድረስ። ሃያ ሰው ካለ አንድ ጀሪካን አይበቃም፤ አህያ ያለው በአህያ፣ ባጃጅ የሚያገኝ በባጃጅ ያመላልስ። ግራሩ ከተቆረጠ አራት እንጨትና አንድ ሸራ ይተከል። ሥራው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተጀምሮ በ5 ሰዓት ይቁምና ጀምበር ስታዘቀዝቅ ይቀጥል። በረመዳን ለጾመ ሠራተኛ የንጋቱ ሥራ ይሰጠው እንጂ የቀትሩ አይሰጠው። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የሚጾመውም እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ባሰው ልግባ።

ቲማቲምና ሽንኩርት ያለ ርጭት አይሆንም ይላሉ አምራቾች፤ ትሉ አለ፣ ዋጉ አለ፣ ልክ ናቸው። ረጪውን ግን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱት። ሸሚዙ እስከ ክርኑ ተጠቅልሏል። እግሩ ላይ ነጠላ ጫማ ነው። ኬሚካሉን የሚለካው በጠርሙሱ ክዳን ነው፤ ውሃው ውስጥ ጨምሮ በእጁ ያማስለዋል። የጀርባ መርጫውን አዝሎ ይሄዳል፤ መርጫው ያንጠባጥባል፤ ወገቡ ላይ ሱሪው ይረጥባል። የመርጫው አፍ ሲደፈን ይፈታዋል፣ ወደ አፉ ያስጠጋል፣ እፍ ይልበታል። ሁለቴ እፍ ይላል። ምራቁን ይተፋል፣ ይቀጥላል። ማታ ወተት ይጠጣል፤ ወተት መርዙን ያረክሳል ስለተባለ። የተረፈውን ኬሚካል በሃይላንድ ጠርሙስ ገልብጦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። ሃይላንድ ደግሞ ልጆች ውሃ የሚጠጡበት ዕቃ ነው። ከዚህ ወዲያ ምን ልበላችሁ?

ማላታይንን የመሳሰሉት የተባይ ኬሚካሎች ትሉን የሚገድሉት ነርቩን ይዘው ነው። በሰውም ላይ የሚሠሩት በዚያው መንገድ ነው። ነርቭ ለጡንቻ መልእክት ካደረሰ በኋላ መልእክቱን የሚያጠፋ ነገር በሰውነታችን አለ፤ ኬሚካሉ ያንን ያስረዋል። መልእክቱ ሳይጠፋ ይቀራል፤ ምራቅ ይዘንባል፣ ላብ ይወርዳል፣ የዐይን ብሌን ይጠባል፣ ጡንቻ ይንዘፈዘፋል፣ ትንፋሽ ያጥራል። የሚገባው ደግሞ በአፍ ብቻ አይደለም፤ ሲረጩ የሚውሉት የሚመረዙት አብዛኛውን በቆዳቸው በኩል ነው። ያ የረጠበ ሱሪ ቀኑን ሙሉ መርዝ ያጠጣዋል። ወተት ማርከሻ አይደለም። ማርከሻው ሐኪም ዘንድ ነው። እስከዚያው ልብሱን አውልቁ፣ ገላውን በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡት፣ የኬሚካሉንም ዕቃ ከነጽሑፉ ይዛችሁ አምጡት፤ የምንረዳው በዚያ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት መናገር አለብኝ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ጎልማሳ ራስ ምታት፣ ማስመለስና ድካም ይዞት መጣ። አገራችን ራያ ቆላ ነው፤ እንዲህ ያለ ሕመም ሲመጣ እጃችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ወባ ነው። ደሙን አስመረመርኩ፣ ወባ የለም አለ፤ እኔ ግን ልቤ አላመነም፣ የወባ መድኃኒት ሰጥቼ ሸኘሁት። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። «ሥራህ ምንድን ነው?» ብዬ የጠየቅሁት ያኔ ነው። «በቀን እየተከፈለኝ እረጫለሁ» አለኝ። በየሁለት ቀኑ ይረጭ ነበር። ካርዱ ላይ «ገበሬ» ተብሎ ተጽፏል፤ እኔም እሱን አንብቤ አልፌዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1700 በርናርዲኖ ራማዚኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም በየሙያው ስላሉ በሽታዎች መጽሐፍ አሳተመ። ሐኪሞችን የመከራቸው ነገር፣ የታመመን ሰው በምትጠይቁት ጥያቄ ላይ አንድ ጨምሩ፤ ሥራው ምን እንደሆነ ጠይቁት የሚል ነበር። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አልፎታል፤ እኔ ያን ጥያቄ ሳልጠይቅ አንድ ሰው ሳምንት ሙሉ ሲመረዝ ከረመ። እዚህ የተቀመጣችሁ የጤና ባለሙያዎች፣ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ፣ «ገበሬ» የሚለው ቃል አይበቃንም። ይረጫል? ይነቅላል? ይጭናል? ሑመራና መተማ ሰሊጥ ላይ ከርሞ ነው የመጣው? ከዚያ ለተመለሰ ሰው ወባ ብቻ ሳይሆን ካላ አዛር የሚባለው በሽታም ሊታሰብለት ይገባልና።

ስለ ጫኞች ጥቂት ልበል። ማታ ማታ ከመንገዱ ዳር አይሱዙ ሲጭኑ የምናያቸው ልጆች አንድ ኩንታል በጀርባቸው ይዘው በሳንቃ ይወጣሉ። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ ጎልማሳ ወንድ በእጁ ሊሸከም የሚገባው ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ ይላል። የኛ ልጆች እጥፉን ሊሆን ምንም አይቀረው። መፍትሔው ያን ያህል አይከብድም፤ ጆንያው በግማሽ ይሞላ። ነጋዴው እንደሆነ የሚገዛው በኪሎ ነው።

ሴቶቹ የሚሉኝን ደግሞ ወንዶች ስትሰሙ ደስ ይለኛል። ሽንኩርት የሚነቅሉት አብዛኞቹ ሴቶች ውሃ የማይጠጡት ውሃ ጠፍቶ ብቻ አይደለም። በሜዳው ላይ ሽንት ቤት የለም፤ ዞር የሚሉበት ቁጥቋጦም የለም። ስለዚህ ጠዋት ጀምረው ጥማቸውን ይይዙታል። ከዚያ የሽንት ቧንቧ ሕመም ይዟቸው እኛ ዘንድ ይመጣሉ፤ ስንጠይቃቸው ያፍራሉ። በማዳበሪያ የተጋረደ አንድ ጉድጓድ በማሳው ጥግ ቢኖር ይህ ሁሉ ይቀራል። የሚያጠቡትም ሕፃናቱን ያን ሸራ ሥር ቢያስተኙ ጡት ለመስጠት አይሳቀቁም።

ጣራ ያለው መሥሪያ ቤት ውስጥ ያሉትንም አልረሳሁም። መምህራን፣ ነርሶች፣ የቀበሌ ሠራተኞች፣ ከመካከላችሁ ብዙ አያለሁ። ሐምሌ 2013 ጦርነቱ ቆቦ ገባ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ቆየ፤ ነሐሴ 2014 እንደገና ተመለሰ። ከዚያም ወዲህ የተኩስ ድምፅ ከጆሯችን አልራቀም። የጤና ተቋሞቻችን በተዘረፉበት ጊዜ ባዶ እጃቸውን ያዋለዱ ሰዎች አሉ። የቀበሩትን ቀብረው በማግስቱ ጠመኔ ያነሡ አሉ። እነዚህ ሰዎች ሥራ ላይ ስለተገኙ ደኅና ናቸው ብለን አለፍናቸው። አንድ ሠራተኛ መዝገብ ቢሳሳት፣ በር ሲጋጭ ቢደነግጥ፣ ከሰው ጋር ቶሎ ቢጣላ፣ አለቃው ማስጠንቀቂያ ከመጻፉ በፊት አንድ ቀን በሩን ዘግቶ «እንዴት አድረሃል? እንቅልፍ ይወስድሃል?» ይበለው። ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን አብረን የምንቀመጥ ሕዝብ ነን። ሐዘንተኛ ብቻውን እንዳይሆን እናውቃለን፤ ቢሮ ስንገባ ነው የምንረሳው። የአንድ ሰዓት የጋራ ቡና በሳምንት አንድ ቀን፣ አቦሉ እስኪወርድ ስለ ሥራ የማይወራበት፣ ጀምሩት።

ሕጉስ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይላል። የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ ነው ይላል፤ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ሕክምናውን የሚከፍለው አሠሪው ነው። ለታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ የሚቀጥሉት ሁለት ወራት ግማሽ፤ ከዚያ ወዲያ ሦስት ወር ያለ ክፍያ ሥራው ይጠበቅለታል። ለወለደች ሴት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ከነክፍያው። የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም፤ በቃልም ይጸናል። ይህን በተለይ ለደላሎች እላለሁ፤ ጠዋት አደባባይ ላይ «ና ውረድ» ብላችሁ ስታስማሙ ውል አስራችኋል። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ የሥራ ተቆጣጣሪ ዞብል ሥር ያለ የሽንኩርት ማሳ ድረስ ወርዶ ውሃ አለ የለም ብሎ የሚቆጥርበት ጊዜ ገና ነው። እስከዚያ የሚቆጥረው ባለማሳው ነው። ሠራተኞቹም ለራሳቸው ሊይዙት የሚችሉት አንድ ነገር አለ፤ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር የእኛው የወሎ ተሁለደሬ አንዷ ነበረች። የቀን ሠራተኛ ቤተሰብም መታወቂያውን ቢይዝ ለሕክምና ብሎ ፍየል አይሸጥም።

እናቴን አንድ ቀን ለቀን ሠራተኞች ለምን እንደማንጋግር ጠየቅኋት። በዚያን ጊዜ እኛም ሽንኩርት ተክለን ሰው ቀጥረን ነበር። መሶቡን ስትከድን ቆም አለች። «እነሱ ይከፈላቸዋል» አለች፤ ቀጥላ ዝም አለች፤ ከዚያ ጓዳ ገብታ በሶ በቅል በጥብጣ ይዛ ወጣችና «አድርስላቸው» አለችኝ። ሮጥኩ። አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ። ቅሉ አልበቃም፤ ተመልሼ ሌላ አመጣሁ።

ሽንኩርቱ የሚነቀልበት ሳምንት ደርሷል። አዳራሹ በር ላይ ከወረዳው ወጣቶች ጋር ሸራ የምናውስበት መዝገብ ከፍተናል፤ ባለማሳዎች ስትወጡ ተመዝገቡ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ከመካከላችሁ በእነዚህ ሁለት ቀናት የረጨ ሰው ካለ ግን ወረፋ አይጠብቅ፣ ቀድሞ ወደኔ ይምጣ።